ባትሪን በቢላዋ ስለ መፋቅ

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ወደ ደሴ በሚያልፈው መንገድ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ፣ የመስኖ ውኃ ተራው በሌሊት የደረሰው ገበሬ፣ ማሽላውንም ከከርከሮና ከጃርት የሚጠብቀው ጎረቤቱ፣ እጃቸው ለአካፋና ለዱላ ነፃ እንዲሆን በግንባራቸው የሚያስሩት ባትሪ ዕድሜውን ሳይጨርስ ሲበላሽ፣ ሁሉም ጥፋቱን በዕቃው ርካሽነትና በነጋዴው አታላይነት ያሳብባል። እኔ ይህን ፍርድ ርቱዕ ነው ብዬ አልቀበለውም።

ጀርመናዊው ካርል ጋስነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ዚንኩን ራሱን የባትሪ ድንጋይ መያዣ ካደረገው ወዲህ፣ የርካሹ ድንጋይ ቆርቆሮ ማቀፊያም የኃይል ምንጭም ነው፤ ስለዚህም ብርሃን በሰጠ ቁጥር ከውስጥ እየተበላ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ተበስቶ አሲድነት ያለው እርጥበቱን ድንጋዩን ወደሚነካው የባትሪው ሞላ ያፈስሳል። ይህ ሕገ ተፈጥሮ እንጂ ተንኰል አይደለም፤ የቆላው ሐሩር ደግሞ ያፋጥነዋል። የደከመ ድንጋይ እስከሚቀጥለው የውኃ ተራ ድረስ በባትሪው ውስጥ ሲከርም፣ ምክንያተ ጥፋቱ የባለቤቱ ቸልታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ቁጠባ ተብሎ የሚመሰገነው ልማድ ነው፤ ይኸውም የደከመውን ድንጋይ በጣራ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማሞቅ፣ በጥርስ መንከስ፣ ወይም አንድ አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋር ማጣመር ነው። ሙቀቱ የተረፈችውን ኃይል ለጊዜው ቢቀሰቅሳት እንኳ አዲስ ኃይል አይጨምርም፤ የሳሳውን ቆርቆሮ ግን ወደ መበሳት ያቀርበዋል። ሲጣመሩም አዲሱ ደካማውን ከዓቅሙ በላይ ስለሚገፋው ቀድሞ የሚያፈስሰው አሮጌው ነው። «ድኻ ሌላ ምን ያድርግ?» ለሚሉኝ መልሴ፣ ድኻው በዚህ ዘዴ ከድንጋዩ ዋጋ የሚበልጠውን ባትሪ ራሱን ያጣል የሚል ነው።

ባትሪው በመዳፍ ካልተመታ አልበራ ሲል፣ ተከፍቶም በሞላው ጥምዝ ላይ ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ሲታይ፣ ወዲያው ቢላዋ ይመዘዛል፤ ይህም ሁለተኛው ግድያ ነው። ሞላው በስስ የኒኬል ቅብ የተሸፈነ ብረት ነውና ቢላዋው ከቅርፊቱ ጋር ቅቡን ይገፈዋል፤ የተራቆተው ብረትም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይዝጋል። ቅርፊቱን ማሟሟት እንጂ መቧጠጥ አይገባም፤ ለዚህም አስቀድሞ የፈሰሰውን መለየት ያሻል። በላዩ «አልካላይን» ተብሎ የተጻፈበት ድንጋይ የሚያፈስሰው የአሲድን ተቃራኒ ነው፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነጭ ዱቄት የሚሆነውን ይህን ፈሳሽ ጥጥ ላይ የተንጠባጠበ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያሟሟዋል። ለርካሹ ድንጋይ ግን አሲድ በአሲድ ላይ መጨመር ከንቱ ስለሆነ፣ በጥቂት ውኃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይሻላል። እጅ ዓይንን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ በእርጥብ ጥጥ ከዚያም በአልኮል ጠርጎ በጥላ ማድረቅ ይገባል፤ እልኸኛ እድፍ ቢቀር የተማሪ ላጲስ ይበቃዋል። ሲደርቅ እጅግ ስስ ቫዝሊን ሞላውን ከእርጥበት ይጋርደዋል።

ገበሬውም ከውኃ ተራው ሲመለስ ሦስቱን ድንጋዮች አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ ቢጠቀልላቸው፣ አንዱ ቢያፈስስ እንኳ ጉዳቱ ከጨርቁ አያልፍም።