ለእሳት እራት አንቴና በጀት? አዎ፣ ይመደብ

ማታ አምፖል ላይ የሚጋጨውን የእሳት እራት ስናይ የሚታየን ሞኝነቱ ነው። ስሙም የወጣለት በዚያው ነው። ስለ አፍንጫው የሚያነሳ ግን የለም፤ አፍንጫ ከተባለ ማለቴ ነው፣ የሚያሸተው ራሱ ላይ ባሉት ሁለት አንቴናዎች ነውና።

ወንዱ ሴቷን በጨለማ የሚያገኛት ነፋስ በሚያመጣው ጥቂት ሽታ፣ ማለትም በፌሮሞን ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያውን ፌሮሞን ለይቶ ለማወቅ ወደ 500,000 የሚጠጉ የሐር ትል እንስቶች አስፈልገውታል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሽታውን ማጥፋቱ ነው። እስቲ አስቡት፦ የገባው ሽታ አንቴናው ውስጥ ቢቀር፣ ወንዱ መንገዱን ስቶም "አሁንም ይሸተኛል" እያለ ወደ ባዶ ቦታ ይበር ነበር። ስለዚህ በአንቴናው ፀጉሮች ውስጥ ባለው ፈሳሽ ፌሮሞኑን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉ። ሪቻርድ ቮግት እና ሊን ሪዲፎርድ ይህን በ1981 በአንድ ትልቅ የአሜሪካ የእሳት እራት ላይ አሳዩ። በኋላ በወጣው ስሌት፣ ኢንዛይሙ የፌሮሞኑን ግማሽ ለማጥፋት 15 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ዓይን ለማርገብገብ እንኳ አይበቃም እኮ!

"ታዲያ ይሄ ለኛ ምን ያደርግልናል?" የሚል አይጠፋም። ከግብራችን የሚከፈል ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ማሳው ላይ ነው። እዚህ አገር በጥጥና በወይን እርሻ፣ አየሩን በሰው ሠራሽ ፌሮሞን ሞልቶ ወንዱን ማወናበድ የቆየ ዘዴ ነው። ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን ራሱን የሚያግዱ ውሁዶችንም ሞክረዋል።

አማራጩ መርጨት ነው። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት መርዞች ነፍሳቱን የሚገድሉት የነርቭ ኢንዛይም በማገድ ነው። ችግሩ፣ ያ ኢንዛይም በእኛም ገላ ውስጥ አለ። ማሳው ላይ የሚውለው ደግሞ የቀን ሠራተኛው ነው፤ እዚህ በብዛት ከታይላንድ የመጣው።

ከወላጆቻችን ብዙዎቹ አርሰው ያደሩ ናቸውና ተምች ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። በ2017 መጤው የአሜሪካ ተምች ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎውን ሲጨርስ፣ ብዙው ገበሬ ወይ በእጁ ለቀመ ወይ መድኃኒት ረጨ። ተምች ሲያድግ የእሳት እራት ነው፤ መምጣቱም በፌሮሞን ወጥመድ ቀድሞ ይታወቃል።

ዘዴው እንከን የለውም አልልም። ውድ ነው፤ አንዱ ፌሮሞን ለአንድ ዝርያ ብቻ ነው የሚሠራው። በትንሽ ማሳ ላይ ደግሞ ከጎረቤት የተጠቃች እንስት በርራ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ጎረቤታሞች አንድ ላይ ካልሠሩ ገንዘቡ አየር ላይ ይቀራል። ይሄንን ማስተባበር የአንድ ገበሬ ሥራ አይደለም፤ የግብርና ሚኒስቴሩ ነው። በጀቱ ሲጠና ከላቦራቶሪው ጎን ለዚህም መስመር ይከፈትለት።