ከአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና በኋላ መናገር ይቻላል? ከምዕራብ ጎጃም ለሚላኩ ታካሚዎች

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በአካባቢው ገጠር የአንጎል ዕጢ የተጠረጠረበት ሰው ለቀዶ ሕክምና ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ይኖርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በየጊዜው ስለሚዘጋ ጉዞው ራሱ ከባድ ሆኗል። ሆስፒታል ሲደረስ ደግሞ ቤተሰብን የሚያስጨንቁ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ይድናል ወይ? ከዳነስ በኋላ ይናገራል ወይ?

የቋንቋ ቦታ የት ነው?

ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙ ሰዎች 95 ከመቶ በሚሆኑት ቋንቋ በዋናነት የሚገኘው በግራው የአንጎል ክፍል ነው። ትክክለኛ ቦታው ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ዕጢም ገፍቶ ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ ዕጢው ለቋንቋ ቦታ ቅርብ ከሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ቦታውን መለየት አለበት።

እንዴት ይለያል?

አንዱ መንገድ ታካሚው ቃላት እያሰበ በኤምአርአይ የደም ፍሰቱን ማየት ነው። ይበልጥ አስተማማኙ ግን ታካሚው ነቅቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ የራስ ቆዳው በማደንዘዣ ይደነዝዛል። ሐኪሙ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ሲያስነካ ታካሚው የሚታየውን ሥዕል ስም ይናገራል። ቃሉ ከጠፋበት ያ ቦታ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ በዚህ መንገድ ከታከሙና በሕይወት ካሉ 243 ታካሚዎች ከስድስት ወር በኋላ የቋንቋ ችግር የቀረባቸው 4 ብቻ ነበሩ።

ከመሣሪያው በላይ ፈተናው

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያዎች ጨምረዋል። ሐኪምና መሣሪያ ቢኖርም ግን ፈተናው ለታካሚው የማይሆን ከሆነ ውጤቱ ያሳስታል። የቡሬ ገበሬ በውጭ አገር የተዘጋጀ ሥዕል አይቶ ዝም ቢል፣ ዕቃውን ስለማያውቀው ሊሆን ይችላል። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ምጣድና እንስራ ግን ያውቃል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በንባብ አይፈተንም። አፉን በአዊኛ የፈታ ታካሚ በሁለቱም ቋንቋዎች መፈተን አለበት፤ የሁለቱ ቦታዎች ሙሉ በሙሉ ላይገጥሙ ይችላሉና። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሥዕሎቹን አሳይቶ ታካሚው የማያውቃቸውን ማውጣት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሆስፒታሎቻችን ከዚህ ቢጀምሩ ብዙ ይጠቅማል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

• አዋቂ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጣለው፣ ቃላት እየጠፉበት ከሄዱ ወይም ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ማስታወክ ካለው ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ጠበል የሚሄድም ከሆነ መድኃኒቱን አያቋርጥ።
• ታካሚው የሚናገራቸውን ቋንቋዎች፣ ግራኝ መሆን አለመሆኑንና ማንበብ መቻሉን ለሐኪሙ ይንገሩ።
• ንግግሩን በደንብ የሚያውቅ አስታማሚ አብሮት ይሂድ።
• ዕጢው ለቋንቋ ቦታ ቅርብ መሆኑንና ነቅቶ መታከም ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቁ። ለሁሉም ዕጢ አያስፈልግም።