ሥዕል አለን፤ ዕቃውስ የታለ?

በዚህች ጋዜጣ ላይ ስለ ምግብ አዳራሽና ስለ መኝታ ክፍል ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ግን ስለ ትምህርታችን ስለ ራሱ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። ነገሩ የምህንድስና ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም፣ አገር ከተማረው ወጣት የምትጠብቀውን የሚነካ ስለ ሆነ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ባለፈው ዓመት ለክፍል ሥራ የውሃ ፓምፕ መያዣ በኮምፒዩተር ነደፍኩ። ሥዕሉ በመስኮቱ ላይ ሲሽከረከር ልብ ይማርክ ነበር፤ ያገኘሁትም ማርክ ጥሩ ነበር። በኋላ ግን ዕቃውን ለማሠራት ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ብሄድ፣ ባለሙያው ሥዕሉን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ይህን የውስጥ ማዕዘን በምን ላውጣው? የፍሬዛው መቁረጫ እኮ ክብ ነው» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እየዞረ የሚቆርጥ ክብ ብረት ከውስጥ በኩል ስል ማዕዘን ሊያወጣ እንደማይችል በአራት ዓመት ትምህርት ማንም አልነገረኝም። ኮምፒዩተሩም አልነገረኝም፤ እርሱ የታዘዘውን ይሥላል እንጂ «ይህ አይሆንም» ብሎ አይቆጣም።

ይህን ማለቴ ኮምፒዩተሩን ለመንቀፍ አይደለም። ታሪኩን የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፣ ይህ ጥበብ ከመጀመሪያውም በሁለት እግሩ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተበሳ ወረቀት ላይ በሰፈረ ቁጥር የሚታዘዝ ፍሬዛ ለሕዝብ ታየ። በዚያው ተቋም በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው ተማሪ ለዶክትሬት ጽሑፉ፣ በብርሃን ብዕር በመስኮት ላይ የሚሣልበትን «ስኬችፓድ» የተባለ ፕሮግራም አቀረበ። እንግዲህ ማምረቱ ቀድሞ፣ መሣሉ ተከትሎ መጣ ማለት ነው። ዛሬ ሁለቱ ተገናኝተው፣ ሥዕሉ የመቁረጫውን መንገድ ወደሚያዝዝ ቁጥር ይለወጣል፤ መኪናውም ያንን እያነበበ ብረቱን ይቆርጣል።

የሰው ልጅ በዚህ መንገድ የደረሰበትን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያበርረው ቦይንግ 777 ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተነደፈ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ኩባንያው ኮምፒዩተር መግዛቱን ብቻ አይደለም። ነዳፊዎቹንና አምራቾቹን ከ200 በሚበልጡ ቡድኖች መድቦ፣ ገና ከሥዕሉ ጀምሮ በአንድነት አሠራቸው። ይህ ኅብረት ሲጎድል የሚሆነውን ደግሞ ኤርባስ በኤ380 አይቶታል። የጀርመንና የፈረንሳይ መሐንዲሶቹ የአንዱን የንድፍ ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ እትሞች ይዘው ቢሠሩ፣ በሀምቡርግ የተዘጋጀው የኤሌክትሪክ ሽቦ በቱሉዝ ሲገጠም አጠረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው መዘግየት ኩባንያውን ብዙ ገንዘብ አስከፈለው። በመስኮቱ ላይ ግን ሽቦው ልክ ነበር!

«ቶርኖ መያዝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ሥራ ነው፤ መሐንዲስ የሚያስብ ሰው ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ይህ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ይንቅ የነበረው የድሮው አስተሳሰብ ካባ ለብሶ መምጣቱ ነው። አባቶቻችን ማረሻ የሚሠራላቸውን ሰው እየናቁ በማረሻው አርሰው በሉ፤ እኛም በዲግሪ ስም ያንኑ ልንደግም አይገባንም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከወዳደቀ ብረት ምድጃ የሚያወጡት ሰዎች ስለ ብረት የሚያውቁትን ያህል ከእኛ መካከል ስንቱ ያውቃል?

«መኪናው ውድ ነው» የሚለው መልስ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ነገሩን አይዘጋውም። የውስጥ ማዕዘንን ምሥጢር ለመማር ያረጀ ፍሬዛም ይበቃል። ፕሮግራሙም ቢሆን የብዙዎቻችን ያለ ፈቃድ የተቀዳ መሆኑን እርስ በርሳችን መደባበቅ አያስፈልግም። ነገ የራሱን ድርጅት የሚከፍት ተማሪ ይህንኑ ቅጂ ይዞ ሊቀጥል ነውን? ፍሪካድን የመሰለ፣ ነጻ የሆነና የመቁረጫውንም መንገድ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 እትም 1.0 ላይ ደርሷል። ኩባንያዎች የሚጠቀሙባቸውን መማር ተገቢ ቢሆንም፣ ይህም ከጎናቸው ቢሰጥ ተመራቂው ሥራውን በገዛ እጁ ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየሴሚስተሩ ከሚሣሉት ንድፎች ቢያንስ አንዱ ተመርቶና ተለክቶ ማርክ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ወርክሾፑ ጠባቂና ባለሙያ ተመድቦለት ማታ ማታ ክፍት ይሁን። ሦስተኛ፣ የቶርኖና የፍሬዛ ባለሙያዎች ተገቢው አበል ተከፍሏቸው በክፍላችን ያስተምሩ፤ ሥዕሎቻችንንም ይተቹ።

ይህ ካልሆነ የእኛ ምህንድስና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ሆኖ ይቀራል። ላሟ በመስኮቱ ላይ አምራ ትሽከረከራለች፤ ገበሬው ግን ፓምፑ ተሰብሮ ውሃ ይጠብቃል።

ከአንድ የምህንድስና ተማሪ