«ውኃው አጠገብ እንዳትደርስ» ማለት አይበቃም

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ከቤታችን እስከ ጣና ዳርቻ የአሥር ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው። ያም ሆኖ እስከ 42 ዓመቴ ድረስ ዋና አልችልም ነበር። እናቴ ከቤት በወጣሁ ቁጥር «ውኃው አጠገብ እንዳትደርስ!» ትለኝ ነበር። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ለልጆቻቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። በዕድሜ የሚያንሱኝ የነገደ ወይጦ ልጆች የአባቶቻቸውን የደንገል ታንኳ ሲቀዝፉ እኔ ዳር ቆሜ አይ ነበር። የእነሱ እናቶች ልጆቻቸውን ከእኔ እናት አሳንሰው ስለሚወዱ አልነበረም። እነሱ ውኃን ያስተምራሉ፤ የእኛዎቹ በውኃ ያስፈራራሉ። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነበር።

ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ የአውቶብስ ሹፌር ነኝ፤ የ14 ዓመት ወንድና የ11 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ዋና የተማርኩትም ከእነሱ ጋር በሰፈራችን የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ነው። ባለፈው እንቁጣጣሽ ማግስት የነበረውን ቅዳሜና እሑድ አዳራሽ ተከራይተን ከማክበር ይልቅ ድንኳን ጭነን ወደ ባሕሩ ወረድን። ባለቤቴ፣ ልጆቹና ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ አብረን ነበርን። ካያክ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ የቀዘፋ ጀልባዎች ከሥራ ባልደረባዬ ተዋስኩ። የቼሳፒክን ረጅም ድልድይ ተሻግረን፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ነድተን አሳቲግ ደረስን።

አሳቲግ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። በምሥራቁ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይመታዋል፤ በምዕራቡ ጸጥ ያለና ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥ ያዋስነዋል። ያልተገሩ ፈረሶች እንደልባቸው ይዘዋወሩበታል። በአንድ ወቅት ቦታው በሺዎች በሚቆጠር የቤት መሥሪያ መሬት ተሸንሽኖ ተሸጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1962 የተነሳው ማዕበል መንገዱንም ቤቱንም ጠራርጎ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አብዛኛው ደሴት በብሔራዊ ፓርክ ሥር ገባ። እንደ እኔ ያለ ሹፌር ዛሬ ቤተሰቡን ይዞ ውቅያኖስ ዳር የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ ውኃን የሚለምደው መጀመሪያ ውኃው ዳር መድረስ ሲችል ነውና ይህን እንደ ትልቅ ነገር አየዋለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ያጠፋነው ከአሸዋው ጋር ስንታገል ነው። ከድንኳኑ ጋር የመጣው አጭር ካስማ አሸዋ ውስጥ አንድ ደቂቃ አይቆምም፤ ነፋስ ሲመጣ ተነቅሎ ይወጣል። ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት አሜሪካዊ የክንድ ያህል ርዝመት ያላቸው ካስማዎች አዋሱን። እናቴ የአሸዋውን ክምር የሸፈነውን ቢጫ አበባ ስታይ «አደይ ነው እንዴ?» አለች። ልጄ ለአበባዬ ሆሽ ልትቀጥፍ ሮጠች፤ መቅጠፍ እንደማይፈቀድ ስነግራት እዚያው አበባው መሃል ቆማ ዘፈነችው። ድፎ ዳቦውን መኪና ውስጥ ቆለፍንበት፤ ፈረሶቹ ጠረጴዛ ላይ ምግብ ካዩ አይምሩም።

ከሰዓት በኋላ ካያኮቹን በወሽመጡ በኩል ጉልበት በማይደርስ ውኃ ላይ አወረድናቸው። የካያኮቹ ወለል ቀዳዳዎች አሉት፤ ውኃው ገብቶ ይወጣል እንጂ አይሞላቸውም። እናቴ ይህን አይታ «እንደ ታንኳችን ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ የደንገል ታንኳም ውኃ ያሳልፋል እንጂ አይሰጥምም። ዓሣ ማጥመድ ከመጀመራችን በፊት ልጆቹን አንድ ሰዓት ሙሉ አስገለበጥኳቸው። ካያኩን ገልብጦ መውደቅ፣ መልሶ ማቅናት፣ በሆድ ተስቦ መውጣት፣ ከዚያ ዞሮ መቀመጥ። እየሳቁ፣ ጨው ውኃ እየተፉ፣ አሥር ጊዜ ያህል ደገሙት።

በሜሪላንድ ሕግ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ርዝመቷ ከ21 ጫማ በምታንስ ጀልባ ሲጓዝ ላይፍ ጃኬት (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) መልበስ ግዴታው ነው። ስለዚህ ሕጉ ሴት ልጄን ያስገድዳል፤ ወንዱን ግን አያስገድደውም፤ ጃኬቱ ጀልባው ላይ መኖሩ ይበቃል። ወንዱ ይህን አንብቦ መጥቶ ሊከራከረኝ ሞከረ። «እኔም ለብሻለሁ፤ ካልለበስክ አትወጣም» አልኩት፤ ክርክሩ በዚህ አበቃ።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓሣ ማጥመድ ጀመርን። እኔና ልጄ በሁለት ሰው ካያክ፣ ወንዱ ብቻውን። የምንፈልገው ፍላውንደር የሚባለውን ዓሣ ነው። መቅዘፍ አያስፈልግም፤ መንጠቆው የባሕሩን አሸዋ እየዳሰሰ እንዲሄድ ለቀቅ አድርጎ ከውኃው ጋር መንሳፈፍ ነው። መጀመሪያ የያዘችው ልጄ ነበረች። ዓሣው እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው፤ ከላይ የአሸዋ መልክ አለው፣ ከሥር ነጭ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ወገን ናቸው። ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ ግራና ቀኝ ነበሩ፤ እያደገ ሲሄድ አንደኛው ተሻግሮ ከሌላው ጎን ይቀመጣል። ልጄ ይህን ከትምህርት ቤት ታውቅ ኖሮ እሷው አስረዳችኝ። በማስመሪያው ስንለካው ከተፈቀደው አጠረ፤ መለስነው።

ወንዱ ትልቅ ሲይዝ ግን ልቡ ከሰውነቱ ቀደመ። መረቡን ይዞ አንድ ወገን ተንጠራራና ተገለበጠ። ያለንበት የጀልባ መተላለፊያ የሆነው የወሽመጡ ጥልቅ ቦታ ነበር፤ ውኃው ከቁመቱ ያልፋል። እናቴ ከዳር ሆና አየች፤ «ልጁን! አንተ ልጁን!» እያለች በቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገባች። ነጠላዋ ከኋላዋ ይንሳፈፍ ነበር። እኔ እህቱን ይዤ ልዘል አልችልም። ማድረግ የምችለው አጠገቡ መቅረብና መናገር ብቻ ነበር። እሱ ግን ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ጃኬቱ ይዞታል። ካያኩን መልሶ አቀና፣ በሆዱ ተሳበ፣ ዞሮ ተቀመጠ። ዘንጉና ዓሣው ጠፍተዋል። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ለእኔ ግን እጅግ ረጅም ነበር።

ማታ ቡና እየተፈላ እናቴ «ያን ነገር ባይለብስ ኖሮስ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ የ2022 የመዝናኛ ጀልባ አደጋዎችን በመዘገበበት ሪፖርት፣ ሰጥመው ከሞቱት መካከል 85 ከመቶው ጃኬት አልለበሱም ነበር። እሑድ ጠዋት እናቴ «እስቲ ለእኔም አልብሱኝ» አለችና ጉልበት በሚደርስ ውኃ ላይ ካያክ ተሳፈረች። ጣና ዳር ኖራም ከዚያ በፊት ውኃ ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በቅርቡ አገር ቤት ለዕረፍት ሄጄ ባየሁት ምክንያት ነው። ሐይቅ ዳር የኪራይ ጀልባ ልንሳፈር ሄድን። 11 ሰዎች ነበርን፤ ከመካከላችን አራቱ ልጆች። ጃኬቱ ሦስት ነው፤ ሦስቱም የአዋቂ፣ የአንዱ ማሰሪያ ተሰብሯል። ነጂው «አይዞህ፣ ሞተሩ አዲስ ነው» አለኝ። ልጅ የአዋቂ ጃኬት ቢለብስ ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ልክ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው፦ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ መሳብ፤ ጆሮ ድረስ ከመጣ አይሆንም። እኛ ሳንሳፈር ተመለስን። ሌሎቹ ሄዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ዋናና የውኃ ላይ ጥንቃቄ ማስተማር ነው። ገንዳ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭና ቢሾፍቱ ግን ውኃው ደጃቸው ላይ ነው። ልጅን መንሳፈፍ ለማስተማር የሚያስፈልገው ጉልበት የሚደርስ ንጹሕ ውኃ፣ የሚያውቅ ሰውና ልክ የሆነ ጃኬት ነው። የሐይቅ ዳር ከተሞች ትምህርት ቤቶች ይህን ቢጀምሩት ምንኛ በወደድኩ። ቢልሃርዚያና አዞ ያለበትን ዳርቻ ለይተው የሚያውቁትም የየአካባቢው ሰዎች ናቸውና ከእነሱ ጋር ይመካከሩ።

ትምህርት ቤቱ እስኪጀምር ግን ወላጅ መጠበቅ የለበትም። በዚህ ዓመት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጣና፣ ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ከወረዳችሁ፣ ጀልባው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት «ለልጄ ልክ የሚሆን ጃኬት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ አትሳፈሩ።