ገንዘብ የምንልክበት ስልክ ድምፃችንን ያደርሳልን?



ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ከመሳይሚር ወደ አል ዋዓብ በምንመለስበት መኪና ውስጥ፣ በተለይ ደመወዝ በተከፈለበት ሳምንት፣ የብዙዎቻችን ዓይን ከስልክ አይነሣም። ገንዘብ ወደ ደሴ፣ ወደ አዲግራት፣ ወደ ሆሳዕና ይላካል፤ ሰፈር ሳንደርስ «ደርሶኛል» የሚል መልእክት ይመጣል። ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ በመካከላችን ይደጋገማል፦ ለእናቴ ገንዘብ የሚያደርስልኝ ስልክ ድምፄን ለአገሬ ለምን አያደርስልኝም?

ጥያቄው ቅንጦት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ ሁሉ ያለ ልዩነት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ግን መራጩን የሚያስመዘግበው በሚኖርበት የምርጫ ክልል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሲመዘገቡ፣ ከቀዬው ለራቀው ወታደርና ለተፈናቃዩ ልዩ ጣቢያ የሚዘጋጅበት ሥርዓት ነበረ፤ ለእኛ ግን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2240 ግብር መክፈልንና በምርጫ ድምፅ መስጠትን ጎን ለጎን አስቀምጦ የኅሊና ግዴታ ያደርጋቸዋል። ስደተኛው ይህን ግዴታ የሚወጣበት ደጃፍ ተዘግቶበታል።

አብረውን የሚያስቀድሱትን ተመልከቱ። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሬዚዳንታቸውን ሲመርጡ ኳታር ድምፅ ከተሰጠባቸው የውጭ አገሮች አንዷ ነበረች፤ የመረጡትም በወረቀት ነው። ፊሊፒንሳውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ምርጫ በብዙ አገሮች፣ አስቀድመው ተመዝግበው፣ በኢንተርኔት ድምፅ የሚሰጡበት አንድ ወር ያህል ተሰጥቷቸዋል። እነርሱን ስናይ መንፈሳዊ ያልሆነ ቅናት ቢሰማን አይፈረድብንም።

ይሁን እንጂ ገንዘብና ድምፅ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም። ገንዘብ ስትልኩ ላኪውም ተቀባዩም በስም ይታወቃሉ፤ ደረሰኝ አለ፤ ከጎደለ ባንኩ መዝገቡን ገልጦ ያስተካክላል። ድምፅ ግን ምስጢር መሆን አለበት። መራጩ ማን እንደሆነ በጥብቅ ይጣራል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ከድምፁ ይለያያል፣ ዳግመኛም አይገናኝም። እንግዲህ ድምፁ በመንገድ ላይ ቢለወጥ «የእኔ ይህ ነበር» ብሎ የሚከራከር ማን ነው? በወረቀት ምርጫ ኮሮጆው በታዛቢዎች ፊት ይከፈታል፤ የቆጠራውን ትክክለኛነት ማንበብ የሚችል ገበሬ እንኳ ቆሞ ያረጋግጣል። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ተራው ዜጋ ያለ ልዩ ዕውቀት ሊያጣራው የማይችለውን የምርጫ ማሽን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለእኛ ግን ከዚህ ይልቅ የቀረበ ሥጋት አለ። ሁላችንም የምናውቃትን እኅት አስቡ፤ ዓርብ እንኳ የማትወጣ፣ ስልኳ ማታ የምትሰበሰብባት፣ የይለፍ ቃሏን ኤጀንቱ የሚያውቅባት። በስልክ መምረጥ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእርሷ ይመስላል። ነገር ግን ስልኳ ከማንም በላይ ነፃ ያልሆነው የእርሷ ነው። ከአገር ቤት ደውሎ «ለእገሌ ምረጪና ፎቶውን ላኪልኝ» የሚል ዘመድስ አይኖርምን? የምርጫ ጣቢያው መጋረጃ የተሰቀለው ለጌጥ አልነበረም።

ኢስቶንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የምክር ቤት ምርጫን በኢንተርኔት በማካሄድ የመጀመሪያዋ አገር ስትሆን ለዚህ አንድ መላ አበጅታለች። መራጩ ድምፁን ደጋግሞ መለወጥ ይችላል፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው። ጣቢያ ሄዶ በወረቀት ከመረጠ ደግሞ የኢንተርኔቱ ይሰረዛል። ተገድዳ የመረጠች ሴት ሌሊት ብቻዋን ስትሆን ታርመዋለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያች አገር ከግማሽ የሚበልጠው ድምፅ በኢንተርኔት ተሰጥቷል። ኖርዌይ በአንጻሩ ሁለት ጊዜ ሞክራ እ.ኤ.አ. በ2014 ትታዋለች። ሀብትና ዕውቀት ያላቸው አገሮች እንኳ በዚህ ነገር አንድ አሳብ አይደሉም።

መስመሩ በማን እጅ እንደሆነም መጠየቅ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከቤተሰቦቻችሁ ድምፅ ርቃችሁ የሰነበታችሁ አላችሁ፤ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በሌላ በኩል ወረቀቱም ለእኛ ቀላል አይደለም። ኬንያዊው በዶሃ የሚመርጠው አንድ ፕሬዚዳንት ነው። እኛ ግን የምንመርጠው የየምርጫ ክልላችንን ተወካይ ስለሆነ፣ የሁሉንም ወረቀት ዶሃ አምጥቶ መደርደር ሊያስፈልግ ነው። በዚህ ረገድ ስልኩ በእርግጥ ይረዳል፤ ይህን መካድ አይገባም። ፈረንሳይ በውጭ ለሚኖሩ ዜጎቿ 11 የምክር ቤት መቀመጫ ለይታ ሰጥታለች። የእኛ ሕገ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይላል፤ ያሉት መቀመጫዎች 547 ናቸው። ሦስቱ ባዶ ቦታዎች ለስደተኛው ይሰጡ ብል የዋህ ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ቢሆን አንድ ዓይነት ወረቀት ለመላው ኳታር በበቃ ነበር።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው አቤቱታ የምታዘጋጁ ወገኖች «በስልክ እንምረጥ» ከማለታችሁ በፊት ይህን ብትጠይቁ እወዳለሁ፦ በኤምባሲው ቅጥር ውስጥ ሳጥን ይቀመጥ፤ በአንድ የሥራ ቀን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በአራት ተከታታይ ዓርቦች ክፍት ይሁን፤ ስልኩ ከመጣም ድምፅን መልሶ የመለወጥ መብት ከእርሱ ጋር ይምጣ። አቤቱታው በሚጻፍበት ጊዜ ደግሞ ዓርብ የማትወጣዋን እኅት በስልክም ቢሆን፣ ብቻዋን በሆነችበት ሰዓት፣ ምን እንደምትሻ ጠይቋት።