ከሟች የሚለገስ ኩላሊት፦ ባዮፕሲው ምን ይነግረናል? ዑለማዎቻችንስ?

ከዱከም አዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሠራተኛውና ለነጋዴው ይህ የዕለት መንገድ ነው። የኩላሊት እጥበት ግን በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለዚህ ወደ መዲናዋ የሚመላለስ ሕመምተኛ ከሕመሙ በላይ የመንገዱን ድካምና ወጪ ይሸከማል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየመስጂዱ የምንሰማው የእርዳታ ጥሪም ከዚሁ የመነጨ ነው። ሰደቃችን እጥበቱን ለወራት ያስቀጥል ይሆናል እንጂ ሕመምተኛውን ከማሽኑ አያላቅቀውም።

ከማሽኑ የሚያላቅቀው ንቅለ ተከላ ነው። በሀገራችን የመጀመሪያው ማዕከል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር ተከፍቷል። ሥራው የተመሠረተው በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ላይ ነው። ታዲያ ዘመድ የሌለው፣ ወይም ዘመዶቹ ራሳቸው ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሕመምተኛ ምን ይሁን? ብዙ አገሮች ለዚህ የሰጡት መልስ ከሟች የሚለገስ ኩላሊት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሕክምና ጥያቄ ይነሳል፦ ከሟች የተወሰደ ኩላሊት ስንት ዓመት እንደሚያገለግል በምን ይታወቃል? አንዱ መንገድ ባዮፕሲ ነው። ከኩላሊቱ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ደም ከሚያጣሩት ጥቃቅን የደም ሥር ጥቅሎች ስንቱ ጠባሳ ሆኗል፣ የደም ሥሮቹ ግድግዳስ ምን ያህል ወፍሯል የሚለው ይለካል። በ2006 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑ ሐኪም ጁሴፔ ሬሙዚና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት፣ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ለጋሾች የተወሰዱ ኩላሊቶች በባዮፕሲ ከተመረጡ የወጣት ኩላሊት ያህል ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አሳይቷል። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

ነገር ግን ባዮፕሲ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ናሙናው ከአንድ ጥግ የተወሰደ ስለሆነ ሙሉውን ኩላሊት ላይወክል ይችላል። በችኮላ በበረዶ ደርቆ የሚታይ ናሙና ጥራቱ ይቀንሳል፤ ያንኑ ናሙና ሁለት ባለሙያዎች አይተው የተለያየ ውጤት ሊሰጡም ይችላሉ። አሜሪካ ባዮፕሲን በብዛት ትጠቀማለች፤ ብዙ ኩላሊትም ትጥላለች። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ በአሜሪካ ከተጣሉት ወደ 28 ሺህ የሚጠጉ ኩላሊቶች 62 በመቶው በፈረንሳይ አሠራር ቢመዘኑ ኖሮ ለንቅለ ተከላ ይውሉ ነበር። ስለዚህ የለጋሹ ዕድሜ፣ የቀድሞ ሕመሙና የኩላሊቱ አሠራር ከባዮፕሲው ጋር አብረው መታየት አለባቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ የእኛው ነው። ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነው፤ የሟች ክብርም እንደ ሕያው ክብር ነው። ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ሰዓታት ይፈልጋል። ይህን ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ቀደም ሲል ተመልክቶታል። በ1407 ሂጅሪያ አማን ላይ፣ አንጎል ሙሉ በሙሉና በማይመለስ ሁኔታ ሥራውን ካቆመና ሐኪሞች ካረጋገጡ ሰውየው እንደ ሟች እንደሚቆጠር ወሰነ። በ1408 ሂጅሪያ ጂዳ ላይ ደግሞ ሟቹ በሕይወቱ ወይም ወራሾቹ ከፈቀዱ የአካል ልገሳ እንደሚቻል፣ ሽያጭ ግን ክልክል እንደሆነ አስታወቀ። በአንጎል ሞት ጉዳይ ዛሬም የማይስማሙ ዑለማዎች አሉ፤ ኺላፉን መሸፋፈን አይጠቅምም።

ጥያቄው ደጃችን ሳይደርስ መዘጋጀት ይሻላል እንላለን። አንድ ቤተሰብ በሐዘን ላይ እያለ፣ በሆስፒታል ኮሪደር በደቂቃዎች ውስጥ እንዲወስን መጠየቅ ከባድ ነው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ዑለማዎች ከኩላሊት ሐኪሞችና ከፓቶሎጂ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ለምዕመኑ ግልጽ ማብራሪያ ቢሰጡ መልካም ነው። ማብራሪያው ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ጀናዛው ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችልና ድሃው ለሽያጭ እንዳይገፋ ምን ጥበቃ እንደሚደረግ መመለስ አለበት። ሐኪሞችም ለቤተሰቡ እውነቱን ይንገሩ፤ ባዮፕሲ ግምት ይሰጣል እንጂ ዋስትና አይሰጥም። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ወላሁ አዕለም።