የደረሳው ራት



ብዙ ወላጆች አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል። «ልጃችን ዲኑን በወጉ እንዲያውቅ እንሻለን። ነገር ግን ወደ ሸኽ ብንልከው ይራብብናል፣ ከዘመናዊው ትምህርትም ወደ ኋላ ይቀርብናል ብለን እንፈራለን» ይላሉ። ወጣቶች ደግሞ በበኩላቸው «ዛሬ ትምህርቱ ሁሉ በስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ ታዲያ አንድ ኪታብ ይዞ ለዓመታት ከሸኽ ፊት መቀመጥ ምን ይሠራል?» ይሉናል። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚናቁ አይደሉም። መልሱን ከሩቅ ከመፈለግ ግን አባቶቻችን ከቀሩበት ከወሎ ዘዊያ ብንጀምር ይሻላል እንላለን።

የወሎ ምድር ለአገራችን ብዙ ዑለማ አፍርቷል። ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት ጃማ ንጉሥ፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ያረፉት የሰይድ ቡሽራ ገታ፣ የሸኽ አሕመድ ኢብን አደም ዳና በየጁ፣ እነዚህ ሁሉ ስማቸው ሲነሳ ቂርአትና ዒባዳ አብረው የሚነሱ ቦታዎች ናቸው። ሙፍቲ ዳውድ ደግሞ ባሕር ተሻግረው በየመን ዘቢድ ከተማ ቀርተው ተመልሰዋል። በእነዚህ ቦታዎች ትልቅ ሕንፃ አልነበረም። መስጂዱ፣ የሸኹ ቤት፣ ዙሪያውን ደግሞ ደረሶች በገዛ እጃቸው የሠሯቸው ትንንሽ ጎጆዎች ነበሩ። ከእነዚያ ጎጆዎች ግን ቃዲዎች፣ ሙፍቲዎችና የመንዙማ ሊቃውንት ወጥተዋል።

ለመሆኑ ቂርአቱ እንዴት ያለ ነው? በዘዊያ የክፍል ደወል የለም፤ የክፍያ ደረሰኝም የለም። ሸኹ ደመወዝ አይቀበሉም። የሱብሒ ሶላት እንዳለቀ ደረሶች ኪታባቸውን ይዘው ይቀርባሉ። አንዱ ገና ሰፊናን ይጀምራል፤ ሌላው አቡ ሹጃዕን ጨርሶ የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ይዟል፤ ከወዲያ ማዶ ያለው በነሕው ከአጅሩሚያ አልፎ ሺህ ስንኝ ያለውን የኢብን ማሊክን አልፊያ ይሸመድዳል። ደረሳው ዐረብኛውን ያነባል፣ ሸኹ ቃል በቃል እያነሱ በአማርኛ ይተረጉሙለታል። «ይህ ቃል መጨረሻው ለምን ተለወጠ?» ብለው ይጠይቁታል። ካልመለሰ አያልፍም፤ ነገ ያንኑ ይዞ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ያነበበውን ይከልሳል፤ ቀደም ያለው ደረሳ ለጀማሪው ያስቀራዋል። የአንዱን ሸኽ ፊቅህ የጨረሰ ስንቁን ይዞ በነሕው ወደታወቁት ሌላ ሸኽ፣ ከዚያም በተፍሲር ወደታወቁት ይሻገራል። አንድ ዓሊም በዚህ መንገድ እስኪበቃ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ቢሄድ አይደንቅም።

በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም የወጣው በዚህ ዓይነት ቂርአት ካለፉ ዑለማ እጅ ነው። ቁርኣንን በአማርኛ የማስረዳቱ ልምድ በዚያ ዓመት የተፈጠረ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ለብዙ ትውልድ በየዘዊያው ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የቆየ ነበር።

የዘዊያው ትምህርት ግን ኪታብ ማገላበጥ ብቻ አይደለም። ደረሳው ኪታቡን ያለ ውዱእ አይነካም፤ መሬት ላይም አያስቀምጥም። ቂርአቱ ሲጀመር ለኪታቡ ባለቤትና ላስተላለፉት መሻይኾች ፋቲሓ ይቀራል። የጦሃራን ምዕራፍ የቀራ ልጅ ያንኑ ዕለት ሸኹ ውዱእ ሲያደርጉ ያያል። ስለ ለሊት ሶላት ያነበበ ደረሳ ለሊት ሲነቃ የሸኹ መብራት በርቶ ያገኘዋል። ሸኹ ለባልቴቷ እንዴት እንደሚመልሱ፣ የተጣሉትን እንዴት እንደሚያስታርቁ፣ የማያውቁትን ሲጠየቁ «አላህ ያውቃል» ብለው እንዴት እንደሚያልፉ በዓይኑ ይመለከታል። ኢማም ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1095 የባግዳዱን የኒዛሚያ መድረሳ ያንን ሁሉ ክብርና ማዕረግ ትተው የወጡት ዕውቀታቸው ከልባቸው እንዳይለይ ፈርተው ነበር። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ግቢ ለማኖር ደክመዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነገር አለ። ይህን ሁሉ ዕውቀት የተሸከመው ማን ነበር? ሸኹ ብቻ አልነበሩም። ምሽት ሲሆን ደረሳው ወደ መንደር ይወርዳል። ከደጅ ቆሞ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ቤቶች!» ይላል። እናት ለልጆቿ ከጋገረችው የማሽላ እንጀራ ቆርሳ ትሰጠዋለች። ራሷ ፊደል ላትቆጥር ትችላለች፤ ያ ልጅ የሚሸመድደው አልፊያ ምን እንደሚል አታውቅም። ነገር ግን የእርሷ ቁራሽ ባይኖር ያ ኪታብ አይኸተምም ነበር። ድርቅ በመጣ ዘመን ከራሷ ጉሮሮ ነጥላ የሰጠች ስንት እናት እንደነበረች የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው።

ይህ ልማድ ከወሎ የጀመረ አይደለም። በመዲና በረሡል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ጥግ ሱፋ የሚባል ጥላ ነበር። ቤትና ዘመድ የሌላቸው ሶሃቦች እዚያ እያደሩ ይማሩ ነበር። ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሃቦቻቸው እንደየአቅማቸው ከሱፋ ሰዎች አንድም ሁለትም እየወሰዱ ራት እንዲያበሉ ያዙ ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከእነዚያ የሱፋ ሰዎች አንዱ ናቸው። ረሃብ ሲጸናባቸው ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያስሩ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። በእርሳቸው በኩል የደረሱን ሐዲሦች ከ5,000 በላይ ናቸው። የመዲና ቤተሰቦች ራት ባያካፍሉ ኖሮ ምን ያህሉ በደረሰን?

ዛሬስ? እውነቱን እንነጋገር። ብዙ ዘዊያዎች ሳስተዋል። ሸኾቹ አርጅተዋል፤ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች በዝናብና በምስጥ ይበላሻሉ። ደረሳው በሽታ ሲይዘው የሚያሳክመው ያጣል። አሥራ አምስት ዓመት የቀራ ዓሊም ሥራ ፈልጎ ሲቀርብ እንዳልተማረ ይቆጠራል፤ ከሸኹ የተቀበለው ኢጃዛ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ዋጋ የለውም። ይህንን እያየ ልጁን ለመላክ የሚያመነታ ወላጅ ቢኖር አንፈርድበትም። ረሃብን እንደ ጌጥ ማወደስም አንወድም። ደረሳ የሚራበው ዲኑ ራብ ስለሚወድ አይደለም፤ እኛ ጎረቤቶቹ ስለተውነው ነው።

ለወጣቶቻችን የምንለው ይህ ነው። ስልክን አንነቅፍም፤ የሩቅ ዓሊም ድምፅ ከቤታችን ማድረሱ የአላህ ጸጋ ነው። ነገር ግን ስልክ «አልገባህም፣ ነገ ተመለስ» አይልም። አሥር ደቂቃ ሰምተን ፈትዋ ለመስጠት የምንቸኩለው የሚመልሰን ስለሌለ ነው። ሙሉ ቀን ባይሆንላችሁ እንኳ በሰፈራችሁ ካሉ ሸኽ ዘንድ አንዲት ትንሽ ኪታብ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻዋ ቅሩ። ከሱብሒ በኋላ ግማሽ ሰዓት ትበቃለች። ሰፊናን በአግባቡ ያኸተመ ወጣት ውዱኡንና ሶላቱን ተጠራጥሮ አይኖርም።

ለወላጆች ደግሞ እንዲህ እንላለን። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አውጥታችሁ ላኩ አላልንም፤ የዕረፍት ወራት አለለት፣ ቅዳሜና እሑድም አለለት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። በቅርባችሁ ያለው ዘዊያ ወይም መስጂድ ስንት ደረሳ እንዳለው ጠይቁ። ከመንደሩ ቤተሰቦች ጋር ተነጋግራችሁ ቀን ተከፋፈሉ፤ የሰኞው ራት ከእነ እገሌ ቤት፣ የማክሰኞው ከእናንተ ቤት ይሁን። ራቱንም በልጃችሁ እጅ ላኩት። ሄዶ ሸኹን ሰላም ይበል፣ ደረሶቹ መብራት ከበው ሲያነቡ ይመልከት። አብሮ ለመቀመጥ የሚለምን ራሱ ሊሆን ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ.) ያለፉትን ዑለሞቻችንን ይማርልን፤ ያሉትን ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። ለእነዚያ ስማቸው በየትኛውም ኪታብ ላልተጻፈው እንጀራ ቆራሽ እናቶች ደግሞ ምንዳቸውን ያብዛላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።